ያልደቀቀ ምግብ የሚከብዳት ልጅ

ልጄ ሁለተኛ ዓመቷን ከያዘች በኋላም በደንብ ያልላመ ምግብ አትቀበልም ነበር፤ በማንኪያው ላይ ትንሽ ቁራጭ ካገኘች በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች፣ ወደ ጉሮሮዋ ካለፈባትም ሊያስመልሳት ይተናነቃታል። ዘመድ ወዳጅ «አመል ነው፣ ሲርባት ትበላለች» ይላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ አፉ ገና ያልተማረውን ሥራ የተጠየቀ ልጅ እንጂ እምቢተኛ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የሚጠባ ሕፃን ምላሱን በዋናነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳል፤ ለማኘክ ግን ምላስ ምግቡን ወደ ጎን ገፍቶ ከድድና ከጥርስ መካከል ማድረግ፣ የታኘከውንም መልሶ ሰብስቦ ለመዋጥ ማዘጋጀት አለበት። ይህ ደግሞ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በልምምድ የሚመጣ ችሎታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምግብ በ6 ወር ተጀምሮ ውፍረቱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር የሚመክር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕፃናት በ8 ወር ገደማ ለስላሳ ምግብ በእጃቸው ይዘው፣ በ12 ወር ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላውን አብረው መብላት ይችላሉ። ይህ ጊዜ ያለፈበት ልጅም መማር ይችላል፤ የሚያስፈልገው አጫጭር ርምጃና ታጋሽ ሰው ነው።

እኛን ከሁሉ በላይ የረዳን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ጣዕሙን የለመደችውን ካሮት በመፍጫ ማላማችንን ትተን በሹካ ማድቀቅ ጀመርን፤ ያንን ስትለምድ አደቃቀቁን ቀነስን፤ ቀጥሎ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ በደንብ የበሰለ ቁራጭ ሰጠናት። አዲስ ጣዕም ስናቀርብላት ደግሞ ልስላሴው የምታውቀው ዓይነት እንዲሆን እናደርጋለን። ቀጭን መረቅ ውስጥ ቁራጭ ያለበትን ምግብ መጨረሻ ላይ ማቆየት ይገባል፤ ፈሳሹን ወዲያው እየዋጡ ቁራጩን ለማኘክ ማስቀረት ለትንሽ አፍ በእጅጉ ከባድ ነውና።

ወላጅን የሚያስደነግጠው መተናነቁ ነው። ልጁ ድምፅ እያሰማ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ቁራጩን ወደ ፊት ሲመልሰው ሰውነቱ ራሱን እየተከላከለ ስለሆነ ረጋ ብሎ አጠገቡ መቆየት ይበቃል። ማሳል፣ ማልቀስ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ታንቋል፤ አፋጣኝ እርዳታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው ይብላ፤ ሙሉ ለውዝና ያልተቆረጠ ወይን አይሰጠው። የመጀመሪያ እርዳታውንም አስቀድሞ መማር ይገባል።

አዲስ ምግብን መፍራት ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በተለይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበረታል። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ በሦስት እጥፍ ገደማ ያደገ ሕፃን በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያህል ብቻ በመሆኑ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። አንድን ምግብ እስኪቀበል ድረስ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል። መንካቱ፣ ማሽተቱ፣ በጣቱ መጨፍለቁም ከዚያው ይቆጠራል። በእኔ እምነት ማስገደድ ይህን ሁሉ ያፈርሳል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እኛ እንወስናለን፤ ምን ያህል እንደምትበላ ደግሞ እሷ። ለመቅመስ የቀረበው አንድ ቁራጭ ሁልጊዜ ከለመደችው ምግብ ጎን ይቀመጣል፤ ብትተወውም ማንም ምንም አይላትም።

በትዕግሥት ብቻ የማይታለፍ ችግርም አለ። ልጁ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም መጨመር ካቆመ፣ ሲበላ ወይም ሲጠጣ ደጋግሞ የሚያስለው ከሆነ፣ የሳንባ ምች ከተመላለሰበት፣ ወይም ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ ከሄደ ሐኪም ዘንድ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የአመጋገብና የመዋጥ ችግር ወደሚያክም ባለሙያ ሊመራው ይችላል። ከቀጠሮው በፊት ልጁ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ምግብ ከነአደቃቀቁ ለጥቂት ቀናት መዝግቦ መሄድ ምርመራውን በብዙ ያቃልላል።