ሽቅብ የሚሄደውን ማዕበል ፍለጋ፦ ሦስተኛ ሙከራ

አየሁት! ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ፣ ካልሲዬ ርሶ ነው የተመለስኩት፣ ግን አየሁት።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰቨርን የብሪታንያ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ 354 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወደ ባሕር በሚገባበት በኩል፣ ኤቨንማውዝ አካባቢ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአራት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው፣ ያውም በስድስት ሰዓት ውስጥ። የወንዙ አፍ ደግሞ እንደ ጡሩምባ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይጠባል፣ ወለሉም ከፍ እያለ ይሄዳል። ከፊት ያለው ውሃ ጥልቀት ሲያጥርበት ይጎተታል፣ ከኋላ የሚመጣው ግን ገና ጥልቁ ላይ ስለሆነ ይፈጥናል፣ ይደርስበትና ይከመርበታል። ሰልፍ ላይ ፊተኛው ድንገት ቀጥ ሲል ኋለኞቹ እላዩ ላይ እንደሚደራረቡት። እንዲህ ተከምሮ ወንዙን ሽቅብ የሚጋልበውን ማዕበል ነው የአካባቢው ሰዎች ‹ቦር› የሚሉት።

እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ውሃ እንዴት ሽቅብ ይሄዳል?

የመጀመሪያው ሙከራዬ ያሳፍራል። ሴፕቴምበር ላይ ነበር። ማዕበሉ የሚደርስበትን ሰዓት በሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ እንደ ትልቅነቱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል፣ የዚያን ቀኑ 4 ኮከብ ነበረው፣ ሌሊት ተነሥቼ ነው የሄድኩት። ሚንስተርወርዝ የሚባል መንደር የወንዙ ዳር ቆምኩ። ሰዓቱ ደረሰ፣ ምንም የለም። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። እስከ 20 ደቂቃ ሊቀድምም ሊዘገይም እንደሚችል አንብቤ ስለነበር ታገሥኩ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ተናድጄ ሄድኩ። ማታ ሰንጠረዡን እንደገና ሳየው ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑ ተጽፏል። እንግሊዝ በበጋ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ታስኬዳለች። ይኼን ማንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ሰንጠረዡ ላይ አንድ ሰዓት መደመር ትዝ አላለኝም። ማዕበሉ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ስራገም በሰዓቱ ከች ብሏል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማርች ላይ፣ ግሎስተር አጠገብ ኦቨር ድልድይ ላይ ነበር። መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ በፈረንጆቹ 1820ዎቹ የሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው፣ እሱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ማዕበሉም መጣ። ግን እውነቱን ልናገር? አልተደነቅኩም። አንደኛ፣ ወንዙ ከዚያ በታች ለሁለት ስለሚከፈል ኦቨር የሚደርሰው ኃይል ተቀንሶ ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከፍታው ይጠፋባችኋል፣ ውሃው ላይ የሚሄድ እጥፋት ነው የሚመስለው። ለፎቶ ጥሩ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ያነሣኋቸው ሁሉ ቡናማ ምንጣፍ ይመስላሉ።

ስለዚህ በሦስተኛው ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። የኮከብ ብዛት ማሳደድ ትቼ ቦታ መረጥኩ፦ ስቶንቤንች። 3 ኮከብ ብቻ ነበር። ወንዙ እዚያ ጋ ይታጠፋል፣ ማዕበሉም ከመታጠፊያው ውጨኛ ዳር ጋር ይላተማል። በታሪክ የተመዘገበው ትልቁ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1966 የተለካው 2.8 ሜትር፣ እዚሁ ስቶንቤንች ላይ ነው።

አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ወንዙ ዝቅ ብሎ ጭቃው ያብረቀርቃል፣ ውሃው ወደ ባሕሩ በቀስታ ይወርዳል። ዛፍ ሥር ወደ ውሃው ጠጋ ብዬ ካሜራዬን አዘጋጀሁ። ውሻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ አዩኝና ምንም ሳይሉ የዛፉን ግንድ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ቀና ብዬ ሳይ የደረቀ ጭቃ ግንዱ ላይ እንደ መቀነት ዞሮ ይታያል፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ። «ትናንት የመጣው ነው» አሉኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ መንገዱ ወጣሁ፣ ሌላ ምክር አላስፈለገኝም።

ስንጠብቅ አንድ ቅርንጫፍ ሦስት ቅጠል እንደያዘ በፊታችን ቁልቁል አለፈ። ሽማግሌው «እሱን ልብ በል» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ከማየቴ በፊት ነው የሰማሁት፣ ሩቅ ያለ ከባድ መኪና ጠጠር ላይ የሚሄድ ይመስላል። ዳክዬዎቹ ተነሥተው በረሩ። ከመታጠፊያው ጀርባ ብቅ ሲል መሃሉ ለስላሳ ነው፣ አረፋ እንኳ የለውም፣ እንደ ብርጭቆ ያበጠ ውሃ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ግን እየተሰበረ፣ ጭቃና ዕንጨት እየጠረገ፣ የዛፍ ቅርንጫፎችን እየጎነተለ ይመጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ13 እስከ 21 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፣ ዳር ላይ ቆሞ ለሚያየው ግን ከዚያ በላይ ይመስላል። አንድ ሰርፈር፣ ማለትም ማዕበል ጋላቢ፣ ቦርዱ ላይ ቆሞ አለፈ፣ እያጨበጨብንለት። እዚህ ወንዝ ላይ ይኼን በ1955 የጀመረው ጃክ ቸርችል ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀስትና ጎራዴ ይዞ የዘመተው መኮንን። ስቲቭ ኪንግ የሚባል ሰርፈር ደግሞ በፈረንጆቹ 2006 አንዱን ማዕበል 12.2 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦበታል።

ማዕበሉ ሲያልፍ ግማሹ ሰው መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ሌላ ቦታ ላይ ቀድሞት ሊጠብቀው። እኔም ልሄድ ነበር። ሽማግሌው ግን አልተነቃነቁም፣ እኔም አብሬያቸው ቆየሁ። እናንተም ቆዩ፣ ዋናው ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው። ከማዕበሉ ኋላ ወንዙ በሙሉ ፊቱን አዙሯል። ሽቅብ ይሄዳል፣ በፍጥነት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እያደር ሳይሆን እያየኸው እየሞላ። ይኼ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀጥላል። ቀድሜ ቆሜበት የነበረው ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ሥር ገባ። መንገዱ ላይም ፈሰሰ፣ ካልሲዬ የራሰው ያኔ ነው።

ልትሄዱ ላሰባችሁ የተማርኩትን ልጨምር። ትልልቆቹ ከአዲስ ጨረቃና ከሙሉ ጨረቃ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ ይመጣሉ፣ በተለይ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል እና ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። ሰዓታቸውም ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን፣ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ውስጥ ነው። ከኋላው ነፋስ ከነፈሰለት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። የሰንጠረዡን ግርጌ አንብቡ፣ እባካችሁ። የት እንደምትቆሙ ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ ዛፎቹን እዩ።

ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ መሰለኝ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ውሃው ጠቆሙኝ። ያ ቅርንጫፍ፣ ሁለት ቅጠል ቀርቶት፣ በፊታችን ሽቅብ ተመልሶ ሄደ።