ዲቫይስ ትሪን በከባድ መኪና ላይ መማር፦ ከአዳማ የልምድ ማካፈያ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ከባድ መኪና ሞተር የሚወጣ መረጃ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ቦርዴ ላይ መስመር በመስመር ሲወርድ አየሁ። የሞተሩ ዙር በደቂቃ 700 ነበር፤ መካኒኩ ነዳጅ ሲሰጠው ቁጥሩ አብሮ ወጣ፣ ሲለቀው አብሮ ወረደ። ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ለእናንተ በዋናነት ማካፈል የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) መሣሪያው በትክክል መነሣቱን እየነገረኝ ከመኪናው አንዲት መልእክት እንኳ ያልመጣበትን ጊዜ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ቶሎ ልለፋቸው። ሲ ቋንቋ፣ የሊኑክስ ትእዛዞች፣ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ የሙቀት መለኪያ ማንበብ፤ እነዚህን አብዛኞቻችሁ አልፋችሁባቸዋል፣ ጥሩ ጥሩ ማስተማሪያም ሞልቷል። እኔን የያዘኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከርነሉ በቦርዱ ላይ ምን እንደተሰካ እንዴት ያውቃል?

መልሱ ብዙውን ጊዜ «አያውቅም» ነው። የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። በኤስፒአይ ወይም በአይ ስኩዌርድ ሲ መስመር (ቺፖች በሚነጋገሩባቸው ሽቦዎች) የተገናኘ ቺፕ ግን ስለራሱ የሚናገርበት የጋራ ሥርዓት የለውም፤ የትኛው ቺፕ በየትኛው መስመር እንዳለ ለከርነሉ በጽሑፍ መንገር ያስፈልጋል። ጽሑፉ ዲቫይስ ትሪ (የመሣሪያ ዛፍ) ይባላል። ለእኔ ነገሩ የገባኝ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱትን መኪናዎች ሰነድ ሳስብ ነው፦ ከርነሉ ኮንቴይነሩን ከፍቶ አያይም፣ የጭነት ሰነዱን ያምናል። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ከጭነቱ ጋር ካልተስማማ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው፣ ያውም ከሰነዱ ርቆ በሌላ ቦታ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሥሩ ኦፕን ፈርምዌር ከሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1994 ደረጃ ከወጣለት ሥርዓት ነው፤ የሰን እና የአፕል ፓወር ፒሲ ኮምፒውተሮች ይጠቀሙበት ነበር። በአርም ፕሮሰሰሮች ዓለም ግን ለረጅም ጊዜ የእያንዳንዱ ቦርድ ዝርዝር በሲ ፋይል ከከርነሉ ጋር ይጻፍ ነበር። ፋይሎቹ በዝተው እርስ በርስ ሲጋጩ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በግልጽ ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ የአርም ቦርዶች ወደ ዲቫይስ ትሪ የሚያደርጉት ጉዞ ተፋጠነ። ዛሬ አንድ ዓይነት ከርነል ብዙ ዓይነት ቦርድ ላይ የሚነሣው ዝርዝሩ ከከርነሉ ስለወጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ። አዳማ ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ሠፈሬ ያለ አንድ አንጋፋ መካኒክ የሞተር መረጃ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ነገረኝና ሥራውን ያዝሁት። ከባድ መኪናዎች በብዛት የሚነጋገሩበት ጄ1939 የሚባለው ደንብ የመኪና ክፍሎች በሁለት ሽቦ መልእክት በሚለዋወጡበት የካን መስመር ላይ ይሠራል፤ ጥቁር ባለ 9 ፒን ማገናኛ ያላቸው ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ካን ስለሌለው ኤምሲፒ2515 የሚባለውን የካን ቺፕ የያዘ ትንሽ ሞጁል በኤስፒአይ በኩል አገናኘሁ፤ የፓይ ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ ስለማይችሉ የ5 ቮልቱን ምልክት የሚያወርድ መቀየሪያ በመካከል አስገባሁ።

ለዚህ ቺፕ በፓዩ የማዋቀሪያ ፋይል (ኮንፊግ) ላይ አንድ መስመር በመጨመር የሚሠራ ዝግጁ ኦቨርሌይ፣ ማለትም በዲቫይስ ትሪው ላይ የሚደረብ ቁራጭ፣ አለ። ብዙ ማስተማሪያዎች እዚህ ላይ «ይህን መስመር ገልብጡ» ብለው ያልፋሉ። በዚህ ዘዴ ፈጽሞ አልስማማም። ኦቨርሌዩን ዲቲሲ በሚባለው የዲቫይስ ትሪ መተርጎሚያ ፕሮግራም መልሳችሁ ወደ ጽሑፍ ቀይሩና አንብቡት፤ አጭር ነው። ኮምፓቲብል የሚለው ቃል የትኛው ድራይቨር (ቺፑን የሚያሠራው የከርነል ክፍል) እንደሚጠራ ይወስናል። ሬግ ቺፑ በኤስፒአዩ የትኛው መምረጫ ላይ እንዳለ ይናገራል። ኢንተራፕትስ ቺፑ ከርነሉን የሚጠራበትን ፒንና የጥሪውን ዓይነት ይይዛል። ክሎክስ ደግሞ ለቺፑ የሥራ ምት የሚሰጠው ክሪስታል ስንት ሜጋኸርዝ እንደሆነ ወደሚገልጽ ሌላ ኖድ (የዛፉ ቅርንጫፍ) ይጠቁማል። በኦቨርሌዩ ውስጥ ይህ ቁጥር ካልተነካ 16 ሚሊዮን ነው። ሻጩም ሞጁሉ 16 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ ጽፎ ነበር።

ቦርዱ ተነሣ። የከርነሉ መዝገብ ቺፑ በተሳካ ሁኔታ መነሣቱን ጻፈ። ካን ዜሮ የሚባለው መስመር ታየ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ፓይ ላይ ከዚያው ዓይነት ሌላ ሞጁል አድርጌ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አገናኘኋቸው፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አንድም መልእክት አይጠፋም። ከዚያ ጋራዥ ሄጄ ከመኪናው ጋር ሳገናኘው ዝም አለ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሽቦ ነው። በሁለቱ የካን መስመሮች መካከል ያለው ተቃውሞ፣ መኪናው ጠፍቶ ሲለካ፣ 60 ኦም ነው፤ ይህ ትክክል ነው፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ባለ 120 ኦም ማቆሚያ ተቃውሞዎች በትይዩ ሲለኩ ማለት ነው። በሞጁሉ ላይ ያለው ሌላ 120 ኦም ደግሞ ማያያዣው ተነቅሎ ወጥቷል። መስመሮቹ አልተገለባበጡም። መካኒኩ አጠገቤ ቆሞ «አንተ ልጅ፣ ይህ ዕቃህ መኪናውን አይጎዳብኝም?» አለ። «ጋሼ፣ የሚያዳምጥ ብቻ አድርጌዋለሁ፣ አንድም ነገር አይልክም» አልሁት። ይህን አደራ የምላችሁ ነገር ነው። በሰው መኪና ላይ ስትሠሩ መስመሩን ምንጊዜም በአዳማጭ ብቻ ሁነታ ክፈቱ። ፍጥነቱ ያልተስማማ መሣሪያ አዳማጭ ካልሆነ የሚሰማውን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ የስሕተት ምልክት ይልካል፤ የሌሎቹንም ንግግር ያበላሻል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ቤት፣ በርካሽ ባለ 8 መስመር ሎጂክ አናላይዘር (በሽቦ ላይ የሚያልፉ ምልክቶችን ከነጊዜያቸው ቀርጾ የሚያሳይ መሣሪያ) ነው። መለኪያ ሽቦውን በኤምሲፒ2515 እና በመስመር አሽከርካሪው ቺፕ መካከል ባለው የመላኪያ ፒን ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት ሞጁሎች ሲነጋገሩ ቀረጽሁ። በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ከሆነ አንድ ቢት 4 ማይክሮሰከንድ መውሰድ አለበት። በማያው ላይ ያለው ጠባቡ ምልክት ግን 8 ማይክሮሰከንድ ነበር። ልክ እጥፍ! እጥፍ ሲሆን ነገሩ የሽቦ ጉድለት አይደለም፣ የስሌት ነው። ሞጁሉን ገልብጬ በክሪስታሉ የብረት ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው፣ ከአቧራው ሥር 8.000 ይላል።

ከርነሉ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። ክሪስታሉ 16 ሜጋኸርዝ ነው ስለተባለ ለ250 ሺህ የሚሆነውን አካፋይ በዚያ አሰላ፤ ክሪስታሉ 8 ስለሆነ በሽቦው ላይ የወጣው 125 ሺህ ነው። ሁለቱ ሞጁሎች ጠረጴዛዬ ላይ የተግባቡት ሁለቱም በእኩል መጠን ስለተሳሳቱ ነው። ቺፑ መነሣቱን የሚያረጋግጠው ፍተሻ ደግሞ በቺፑ ውስጥ ያሉትን የቁጥር መያዣዎች እንጂ የክሪስታሉን ፍጥነት አይለካም፤ ሊለካውም አይችልም። ስለዚህ «በተሳካ ሁኔታ ተነሣ» የሚለው መልእክት ቺፑ በኤስፒአዩ ላይ መልስ ሰጥቷል ከማለት አያልፍም። በኮንፊግ ፋይሉ የኦሲሌተሩን (የክሪስታሉን) ቁጥር ወደ 8 ሚሊዮን ለውጬ ቦርዱን ሳስነሣ የመስመሩ ዝርዝር 8 ሚሊዮን ይል የነበረውን የሰዓት (ክሎክ) ፍጥነት 4 ሚሊዮን አለ። ይህ አያስደንግጣችሁ፣ ድራይቨሩ የክሪስታሉን ግማሽ ነው የሚጽፈው። ጋራዥ ስመለስ የሞተሩ መልእክት፣ ማለትም መለያ ቁጥሩ 61444 የሆነው፣ ወዲያው መውረድ ጀመረ። አራተኛውና አምስተኛው ባይት ተጣምረው 5600 ሰጡ፤ በ0.125 ሲባዛ 700 ዙር።

ሁለተኛ ችግርም ነበር፣ አጠር ያለ። የራሴን ኦቨርሌይ ለመጻፍ መነሻ ያደረግሁት አንድ የቆየ ምሳሌ ኢንተራፕቱን ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲያዝ ያደርጋል። ኤምሲፒ2515 ግን ያልተነበበ ነገር እስካለው ድረስ ፒኑን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። መልእክቶች ሲደራረቡ ፒኑ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ አዲስ መውረድ አይኖርም፣ ከርነሉም አይጠራም፤ መስመሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ጸጥ ይላል። ዝቅ ብሎ እስከቆየ ድረስ ጥሪ ነው ወደሚለው ዓይነት፣ ማለትም በኢንተራፕትስ ውስጥ ያለውን የዓይነት ቁጥር ከ2 ወደ 8 ስትቀይሩት ይስተካከላል። ጥቂት መልእክት ብቻ በሚያልፍበት ጠረጴዛ ላይ ይህም አይታይም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሁለት አንድ ዓይነት ሞጁሎችን እርስ በርስ ማገናኘት ፈተና ተብሎ መቆጠር የለበትም። ከሌላ ቦታ ከመጣ፣ በሌላ ሰው ከተዋቀረ መሣሪያ ጋር እስኪነጋገር ድረስ «ሠራ» አትበሉ። ሎጂክ አናላይዘር ከሁለተኛ ቦርድ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አታወላውሉ።

ከርነሉ ምን እንዳመነ ለማየት ደግሞ ፕሮክ በሚባለው የሊኑክስ ማውጫ ሥር ያለውን የዲቫይስ ትሪ ማውጫ ክፈቱ፤ ኦቨርሌዩ ከተዋሐደ በኋላ ያለውን እውነተኛ ዛፍ ያሳያል። ድራይቨር ሳይነሣ ቢቀር መጀመሪያ እዚያ ስታተስን (መሣሪያው ሥራ ላይ እንዲውል መፈቀዱን የሚናገረውን) ተመልከቱ፣ ተጽፎ ኦኬይ ካላለ ሌላውን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። የሰዓቶቹን ፍጥነት በተራ ቁጥር ለማየት በዲበግ ማውጫው ውስጥ የክሎኮች ማጠቃለያ አለ፤ እኔ አሁን ማንኛውንም ሞጁል ስሰካ ይህንን ዝርዝር ከክሪስታሉ ክዳን ጋር ጎን ለጎን ሳላነብ አልቀጥልም። ለእያንዳንዱ ቺፕ ምን መጻፍ እንዳለበት የሚናገረው ሰነድ ከከርነሉ ምንጭ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከማንኛውም ቪዲዮ ይልቅ እሱን እመኑ። ያምል በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ የተጻፉት አዲሶቹ ሰነዶች ለማንበብ ያደክማሉ፤ እኔም ገና በትዕግሥት የማነባቸው አልሆንሁም፣ ግን የጻፋችሁትን በራሳቸው ስለሚፈትሹላችሁ ልፋቱ ይካሳል። የክሪስታሉን ውሸት ግን እነሱም አይይዙትም፤ ለእነሱ 8 ሚሊዮንም 16 ሚሊዮንም ትክክለኛ ቁጥር ነው።

አሁን የቀረኝ ሁለተኛውን ካን በዚያው ኤስፒአይ ላይ መጨመርና ጠቅላላውን በአንድ ኦቨርሌይ መጻፍ ነው። መካኒኩም አረንጓዴ ማገናኛ ያለው መኪና ሊመጣለት እንደሆነ ነግሮኛል፤ የዚያ ፍጥነት በሰከንድ 500 ሺህ ቢት ነው። በ8 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ይህን ፍጥነት በመኪና ላይ የሞከረ ካለ የተጠቀመበትን የቢት አከፋፈል (የአንዱን ቢት ጊዜ እንዴት እንደከፋፈለው) ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።