ሞመንተሙ የት አለ?

የኳስ ተንታኙ «አሁን ሞመንተሙ (የጨዋታው ግፊት) በእነሱ እጅ ነው» ሲል፣ እኔ ለቴሌቪዥኑ «የት አለ? አሳየኝ!» እላለሁ። አብረውኝ የሚያዩ ሰዎች ሰልችተውኛል። ምን ላድርግ፣ የመንዳት አስተማሪ ነኝ። በእኛ ሙያ የሞመንተም አድራሻ ይታወቃል፤ ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ጀማሪ ፍሬን ይይዝና መኪናው ወደፊት ሲሄድበት «እምቢ አለኝ» ይላል። እምቢ አላለም። ራሱ የሰጠውን ፍጥነት ገና አልጨረሰም። በሰዓት ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስትገባ ፍጥነትህ እጥፍ ሆነ፤ ፍሬን ይዘህ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት ግን አራት እጥፍ ገደማ ነው። (የፊዚክስ ሰዎች፣ ይሄ የኢነርጂ ጉዳይ ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ተማሪዬን ግን የሚያሳስበው ፊቱ ያለው መኪና ነው።) ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ደግሞ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ አለበት፤ ሞተሩ እንዲይዘው። ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ የወረደ ሰው ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል።

ወደ ኳሱ ስንመጣ ሁሉም የሚጠቅሰው የ2005ቱን የኢስታንቡል የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሚላን እስከ እረፍት 3 ለ 0 መራ። ከእረፍት በኋላ ሊቨርፑል በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት አግብቶ እኩል አደረገ። ሞመንተም ማለት ይሄ ነው ይላሉ። እሺ፣ ከዚያስ? መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር፤ ተጨማሪ ሰዓቱ ሌላ 30 ደቂቃ ነው። ሊቨርፑል በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም አልጨመረም። እንዲያውም የሚላኑ አጥቂ ሼቭቼንኮ መጨረሻ አካባቢ ከግቡ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ መትቶ የሊቨርፑሉ በረኛ ዱዴክ ነው ያዳነው። ዋንጫው በፍጹም ቅጣት ምት ተወሰነ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጨዋታውን የቀየረው በእረፍት ላይ የሊቨርፑሉ አማካይ ሃማን መግባቱና የቡድኑ የተከላካይ መስመር ወደ ሦስት ሰው መለወጡ ነው፤ የሚላን ድንጋጤም ታክሎበታል። ድንጋጤው ሲያልፍ «ሞመንተሙ»ም አለቀ።

በአክሲዮን ገበያ ላይ ግን ክርክሬ ትንሽ ይለዝባል። ጄጋዲሽና ቲትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ ገበያ ባለፉት ወራት ዋጋቸው በደንብ የወጣ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ወራትም ከወደቁት የተሻለ ይሄዳሉ። ለምን ለሚለው አንዱ ማብራሪያ፣ ሰው ዜናን ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው፤ ሌላው ደግሞ ተከትሎ ይገባል የሚል ነው። ይህም ቢሆን ፍሬን የለውም። በ2009 ገበያው ከወደቀበት ሲነሳ፣ ክፉኛ ተመትተው የነበሩት አክሲዮኖች ቀድመው ተመነጠቁ። የትናንት አሸናፊዎችን ይዞ በተሸናፊዎቹ መውደቅ ላይ የተወራረደ ሰው ጉድ ሆነ።

ፖለቲከኞች ግን ራሳቸው ያውጁታል፤ እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው። በ1980 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሪፐብሊካን ፓርቲ እጩ ለመሆን ሲወዳደሩ፣ ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ በአይዋ ግዛት ሬጋንን ሲያሸንፍ «ቢግ ሞ» (ትልቁ ሞመንተም) ከእኛ ጋር ነው አለ። በቀጣዩ ወር ኒው ሃምፕሻየር ላይ ሬጋን በሰፊው ረታው። በቡሽ እጅ የነበረው አንድ ድልና ብዙ ወሬ ነበር።

የባይደን የ2020 ነገር ይለያል። የዴሞክራት ፓርቲ እጩ ለመሆን ሲወዳደር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ግዛቶች አላሸነፈም፤ «አበቃለት» ተባለ። የካቲት መጨረሻ ላይ ደቡብ ካሮላይናን በሰፊ ልዩነት ወሰደ። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን ከሚመርጡበት ማክሰኞ በፊት ተፎካካሪዎቹ ቡቲጄጅና ክሎቡቻር ከውድድሩ ወጥተው ድጋፋቸውን ሰጡት። ማክሰኞ ዕለት አብዛኞቹን ግዛቶች አሸነፈ። ይሄንን ሞመንተም ቢሉት አልከራከርም፤ ጭነቱ ከማን መኪና ወርዶ ማን ላይ እንደተጫነ በዓይን ይታያል።