በበሬሳ ዳር ያልነዳሁት ብስክሌት

ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ገብቼ ነበር። የጥር ብርዷን የሚያውቅ ያውቃታል። ከአውሮፓ ክረምት መጥቼም ጋቢ በጋቢ ላይ ደረብኩ። ማታ ማታ ከሰሉን ከበን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። የእህቴ ልጅ ግን ቆሎውን ትቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሊፈተን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ እስቲ ስፒኪንግ ጠይቀኝ» አለኝ፤ የንግግሩን ክፍል ማለቱ ነው። የዕለቱ ርዕስ ብስክሌት ነው።

በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። «ልጅ ሳለህ ብስክሌት ነበረህ?»

ጉሮሮውን ጠረገና ለቀቀው። አባቱ ለሰባተኛ ዓመት ልደቱ ሰማያዊ ብስክሌት ገዝቶለታል። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ መናፈሻ ውስጥ ይነዳል። ንጹሕ አየር፣ ጤና፣ የአካባቢ ጥበቃ… አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው።

ሳቄ አመለጠኝ። አባቱን አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት የገዛለት ነገር ቢኖር ጫማ ነው፤ እሱም «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሰፋ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከቴሌግራም። ባንድ 8 መልስ ነው ይላል።» ባንድ የሚሉት የፈተናውን የውጤት ደረጃ ነው።

ልፈርድበት አልቻልኩም። በእኔ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ለማስተርስ ልወጣ ስል ወረቀቱን እንደ ዳዊት ሸምድጄ ገባሁ። ፈታኟ ስለ ብስክሌት ስትጠይቀኝ «በየቅዳሜው በወንዝ ዳር እነዳለሁ» አልኳት። እስከዚህ ቆንጆ ነው። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ጣል አደረገች፤ «ለምን?»

ወረቀቱ ላይ «ለምን» አልነበረም። ወንዝ ሲባል ደግሞ ፊቴ ድቅን ያለው በሬሳ ነው። በሬሳ ዳር ልብስ ሲታጠብ፣ ከብት ውሃ ሲጠጣ ነው እንጂ የማውቀው፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም። እእእ… ብዬ ቀረሁ። ስፒኪንጉ 5.5 መጣ። የሚያስፈልገኝ 6.5 ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ የከፈልኩት ብር ዛሬም ያመኛል።

በሁለተኛው አለፍኩ። ፈጣሪ ግን ቀልድ ያውቃል፤ የደረሰኝ ኔዘርላንድ ነው። ከሰው ይልቅ ብስክሌት የሚበዛበት አገር! ዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚያቆም ጋራዥ አለ። አሮጊቷ በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ ትነዳለች። እናት ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ልጅ ጭና ትነዳለች። «በየቅዳሜው እነዳለሁ» ያልኩት ሰውዬ ግን ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ።

አንድ አሮጌ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ከድልድይ ላይ ቁልቁል ስወርድ መሪው ላይ ፍሬን ብፈልግ የለም። ለካ እዚያ አገር ብዙው ብስክሌት የሚቆመው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው። ማን ይንገረኝ? አጥር ውስጥ ገባሁ። 28 ዓመቴ ነበር። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በራሱ ብስክሌት አጠገቤ ቆሞ በዝምታ አየኝ።

ይህን ሳወራ እቴቴ ቡናውን እያማሰለች ትሰማ ነበር። «ብስክሌት ብስክሌት የምትሉት ምኑን ነው? ይሄ ልጅ እኔን የሠራኝን አይነግርህም?» አለች።

ልጁ አቀረቀረ። ለካ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ በርበሬ አስፈጭተህ ና ተብሎ ተልኳል። የወፍጮውን ብር ለብስክሌት ኪራይ ከፈለው። ፌስታሉን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ሲነዳ ካቴናው ወለቀ። በርበሬው አስፋልቱ ላይ፣ እሱ በርበሬው ላይ። ቤት ገብቶ «ወፍጮው ተበላሽቷል» አለ፤ ጉልበቱ እየደማ!

«ባንድ 8 ቤትህ ተቀምጦ ቴሌግራም ትቆፍራለህ» አልኩት። «ብስክሌት አልነበረኝም በል። የሚለካው እንግሊዝኛህ እንጂ ንብረትህ አይደለም። እከራይ ነበር በልና ይህንኑ ንገራቸው።»

ጀመረ። አሁን ተደናቀፈ፣ ቃል ፈለገ፣ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ አልነበረም። «ዘ ካቴና…» ሲል «ቼይን በል» አልኩት። ካቴና ጣልያን እንደ ጣርማበር ዋሻ ትቶልን የሄደው ቃል ነው፤ ፈታኙ አይገባውም። ደግሞ አሳጥረው አልኩት። የስፒኪንጉ ፈተና በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ቢበዛ አምስት ደቂቃ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የበርበሬው ታሪክ ብቻውን ግማሹን ሊበላው ምንም አልቀረው።

«ለምን ወደቅህ?» ብዬ አቋረጥኩት፤ ፈታኟን ሆኜ።

አላሰበም። «ከፊቴ ባጃጅ ዞረብኝ» አለ፤ በንጹሕ እንግሊዝኛ።

«በአካባቢህ ሰዎች ብስክሌት ይወዳሉ?»

«ቁልቁለቱን ይወዳሉ» አለ። «ከጣርማበር ደብረ ሲና ለመውረድ ፔዳል መምታት አያስፈልግም። የሚመልስህ ግን አይሱዙ ነው።»

ይሄን ማንም አልጻፈለትም። ተነሥቼ ትከሻውን መታሁት።

ሙሉውን ደገመው። እቴቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ «በርበሬ» የምትለዋን ግን ያዘቻት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«ለፈረንጁ ሊነግረው ነው?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«እንግዲያው አሳንሶ እንዳያወራ። ሁለት ኪሎ ነበር።»