የእናቴ በርጩማ

የእናቴ በርጩማ ተሰነጠቀች። ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ነው።

በርጩማዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እናቴ ጎጆ ስትወጣ የተሰጠቻት የጅማ ሥራ ናት። ቡና የምታፈላው እሷ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሌላ ወንበር ላይ ሆና ያፈላችው አይጥማትም። ኅዳር ላይ አንዷ እግሯ ከሥሯ ተተረተረች። በሲባጎ ጠፍረን አሰርንላት። እናቴ ሁለት ቀን እያጋደለች ተቀመጠችና በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጅማ ጓደኛ አለኝ ትል አልነበር?"

እኔም ሰበብ ስፈልግ ነው የከረምኩት። አዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ማለት ልብስ ማጠብ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ከዚያ እሁድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ሰኞን ማሰብ ነው። ዓርብንና ሰኞን አስፈቀድኩ። አለቃዬ "ምን ልታደርግ?" ሲለኝ "በርጩማ ልገዛ" አልኩት። ቀልድ መስሎት እየሳቀ ፈረመልኝ።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ ግን በአውቶቡስ ሄድኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "መንገዱን ማየት ስለምወድ ነው" እላለሁ፤ ዋናው ምክንያት ኪሴ ነው። ለሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ወሊሶ ላይ ቁርስ፣ ወልቂጤ ላይ ሻይ። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ይመጣል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ የመስኮት ጦርነት ይጀመራል። እኔ ስከፍት ከኋላዬ ያሉት እናት "ልጄ፣ ንፋስ ይመታኛል" ይላሉ። ዘጋሁት። በላብ ተጠምቄ ጊቤን ተሻገርኩ።

ከወንዙ ማዶ አገሩ ሌላ ነው። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያልን ስንሄድ አረንጓዴው እየወፈረ መጣ። በየደጃፉ የተሰጣ ነገር ይታያል፤ መጀመሪያ በርበሬ መሰለኝ። ቡና ነው።

ጓደኛዬ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። ለትምህርት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከተማውን ሞልቶታል፤ ለዲግሪ ይመጡና ትዳርም ሥራም እዚያው ይይዛሉ። "ደህና ገባህ?" አላለኝም። "ቡና ጠጥተሃል?" ነው ያለኝ። አልጠጣሁም አልኩት። ሻንጣዬን እንደያዝኩ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ መንገድ ዳር ጀበና ከጣደች ልጅ ፊት ተቀመጥን። የተቀመጥኩት በርጩማ ላይ ነው። ገልብጬ አየሁት። ልጅቷ ሳቀች። "ምን ጠፋህ?" አለችኝ።

ያን ቀን ማታ ምንም አላደረግንም፤ ያም ደስ አለኝ። ፈረንጅ አራዳን በእግራችን ዞርን። አንድ ጁስ ቤት ገብተን ማንኪያ የሚያቆም አቮካዶ ጁስ ጠጣን። ወጥተን ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ ዝናብ መጣ። ኅዳር ላይ! አዲስ አበባ ቢሆን ሰው ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ ታክሲ ይጋፋል። እዚህ ሁሉም ቀስ ብሎ በረንዳ ሥር ገባ። አንዱ ከኪሱ ቆሎ አወጣና ለማያውቀን ለእኛ ዘገነልን። ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ስለ ኳስ አወራን። ዝናቡ ሲያባራ "ደህና እደሩ" ተባብለን ተለያየን። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

እራት ላይ የጓደኛዬ ባለቤት ጥቁር ያለ መጠጥ ቀዳችልኝ። ጠላ መስሎኝ በጥንቃቄ ፉት አልኩ። ከሪቦ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላና በስኳር ይሠራል፤ አያሰክርም። ጅማ ላይ ከበዓል ገበታ አይጠፋም። ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። ለሊቱን ስነሳ አደርኩ፣ ይቅር።

ቅዳሜ ማለዳ አጋሮ መንገድ ወጣን። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የካልዲና የፍየሎቹ ወሬ መነሻ ነው የሚባለው ጮጬም በዚያው በኩል፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ነው። እኛ ግን የሄድነው የጓደኛዬ የሥራ ባልደረባ አባት ዘንድ ነበር። ሽማግሌው "አካም ጅርታ" ሲሉኝ "ፈያ" አልኩ፤ ከዚያ በላይ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። በአማርኛ ቀጠሉልኝ።

ማሳው ማሳ አይመስልም፣ ጫካ ነው። ከላይ ዋንዛና ሰሳ ጥላ ጥለዋል። ከሥር ቡናው። ለቃሚዎቹ ቀይ ቀዩን ብቻ እየመረጡ ይለቅማሉ። እኔ ልሞክር ብዬ አንድ ቅርንጫፍ ስጎትት አረንጓዴውም አብሮ ወረደ። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። "ላም አይደለችም፣ አትለባት" አሉኝ። ቅርንጫፉን እንዳለ የሚያልቡ ሰዎች ያናድዷቸዋል። በገበያ "ጅማ 5" የሚባል ያልታጠበ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና አለ፤ ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፤ እሳቸው ግን አይወዱትም። "ጥሬውንም የበሰለውንም አደባልቀው በአገራችን ስም ይሸጡታል" አሉ። የታመሙበት ነገር እንደሆነ ድምፃቸው ያስታውቃል።

ከዚያ ወደ ማድረቂያው አልጋ ወሰዱኝ። እሸቱ በአንድ በኩል ተሰጥቷል፤ የደረቀው ጀንፈል በሌላ በኩል። አንዲት ፍሬ አነሱና ጆሮዬ ሥር ወዘወዟት። ምንም የለም። ሌላ አነሱ። ከውስጧ ቀጭን፣ የጠጠር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። "ይቺ ደርሳለች። ያቺኛዋ ገና ናት" አሉኝ። እኔም ተራ በተራ እያነሳሁ ጆሮዬ ሥር እወዘውዝ ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ጓደኛዬ ፎቶ አነሳኝ፤ ስልክ የማይሠራለት ሰው እመስላለሁ።

ቤት ገብተን ቡና ተፈላ። "ጨው ነው ስኳር?" ተባልኩ። ለክብሬ ብዬ ጨው አልኩ። የመጀመሪያዋ ሲኒ እንግዳ ነገር ናት። ቶናው ላይ ለመድኩት። በረካው ላይ እንዲያውም ስኳሩን ረሳሁት። ሽማግሌው በደጁ ያለውን ዋንዛ እያሳዩኝ ስለ በርጩማዬ ጠየቁ፤ ጓደኛዬ ነግሯቸዋል። "እሱ ነው እኮ" አሉ። ለካ በርጩማው የሚፈለፈለው ከዋንዛ ነው። ቡናዋን ከፀሐይ የሚከልላት ዛፍ ነው በኋላ አፍይዋን የሚያስቀምጣት። ስንሄድ በከረጢት የተፈለፈለ ቡና ሰጡኝ። "ለእናትህ" አሉ።

ከሰዓት ጅማ ተመልሰን በርጩማ ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያው ነጋዴ ገና ሳንጠይቀው ወቀሰን። "በርጩማ የሚፈልግ ሰው ሐሙስ ነው የሚመጣ" አለ። የሐሙስ ነገር ጅማ ላይ የቆየ ነው። ከተማዋ ድሮ ሂርማታ ነበረች፤ በየሐሙሱ የምትቆም ትልቅ ገበያ። ቤተ መንግሥቱ ከላይ ጅሬን፣ ገበያው ከታች ሂርማታ። የዛሬው መሐል ከተማ በአብዛኛው በጣሊያን ጊዜ ነው የተተለመው፤ ሐሙስ ግን ሐሙስ ሆኖ ቀረ። እኛ በቅዳሜ የመጣን ሰዎች የቀራቢውን ቤት ፈልገን ሄድን።

ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሰገሰገ ሰው ነው። መሮና ትንሽ መጥረቢያ ይዟል። ከፊቱ ግማሹ ግንድ፣ ግማሹ በርጩማ የሆነ ነገር ተቀምጧል። የጅማ በርጩማ ምስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። ከአንድ ጉማጅ ነው የሚወጣው፤ መቀመጫውም እግሮቹም አንድ እንጨት ናቸው። በእግሮቹ መሐል ያለውን እየፈለፈለ ያወጣል። አንዴ ከሳተ ማስተካከያ የለም፣ ማገዶ ነው። ሦስት እግር የሆነበትን ምክንያት ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም። አራት እግር ያለውን የራሱን ወንበር ወጣ ገባ ባለው መሬት ላይ አስቀመጠና ነካ አደረገው። ተንገጫገጨ። በርጩማዋን እዚያው ቦታ አስቀመጠ። ዝም።

ከዚያ እሱ ጠየቀኝ። "ማን ናት የምትቀመጥባት?"

"እናቴ።"

"ቁመቷ?" ትከሻዬ ላይ አሳየሁት።

"ጉልበቷን ያማታል?"

ያማታል። ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ይህን ያህል ዓመት ሳየው ቆይቼ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መርጬ የያዝኳትን በርጩማ ከእጄ ወሰደና ሁለት ጣት ከፍ የምትል ሌላ አመጣ። ብርጭቆ ወረቀት ወስዶ ጠርዟን እንደገና አለሳለሰ፣ በመዳፉ ዳበሳት፣ እንደገና አለሳለሰ። "ቫርኒሽ አትቀባት፤ በቀሚስ ብዛት ራሷ ታበራለች" አለኝ። ዋጋውን አልጽፍም። እናቴ የጎረቤት ልጅ ታስነብባለች።

እሁድ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባጃጁ ዳገቱን እየቃተተ ነው የወጣው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። 54 ዓመት! ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ጎረቤቶቻቸው ሲዋጉ እሳቸው ነገዱ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። የእንጨት ሰገነቱን፣ ከጎን ያለውን መስጊድ፣ ከታች የተዘረጋውን ከተማ አየሁ። ግን ሐቁን ልናገር፤ ጭንቅላቴ በርጩማ ሆኖ ስለነበር ያፈጠጥኩት ሁሉ እግሩ ስንት እንደሆነ ነው።

ስንመለስ ወደ ቦዬ ረግረግ ጎራ አልን፣ ጉማሬ ለማየት። አላየንም። አንድ ልጅ "አሁን ነበር እኮ፣ አሁን ገባ" አለን። ወፉ ግን ብዙ ነው።

ሰኞ ንጋት አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ቡናውን ከላይ ዕቃ መስቀያው ላይ አስቀመጥኩ። በርጩማዋን እግሬ ሥር። ከከተማ ወጣ እንዳልን አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት እጇን ዘረጋች። ወንበር ሁሉ ሙሉ ነው። ረዳቱ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ከእግሬ ሥር ነው።

"ብራዘር፣ ያቺን ዱካ ለአፍታ ብትተባበረኝ።"

"ዱካ አይደለችም። የእናቴ በርጩማ ናት።"

ከኋላ አንዱ "ታዲያ የምትቀመጥባት እናት አይደለች?" አለ። አውቶቡሱ ሳቀ። ተሸነፍኩ። ትራፊክ በታየ ቁጥር ረዳቱ "እናት፣ ዝቅ በይ" ይላል፤ እሷ ትጎነበሳለች፤ ሕፃኑ ይስቃል። እኔ መንገዱን ሙሉ የበርጩማዋን እግር ስጠብቅ ነበር። ወልቂጤ ላይ ስትወርድ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ መለሰችልኝ። "እናትህን ሰላም በልልኝ" አለች።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ በርጩማዋን ገለበጠች። እግሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ተቀመጠች።

"ትንሽ ከፍ ትላለች" አለች።

ምንም አልመለስኩም። ትንሽ ቆየችና ረከቦቱን ልታመጣ ተነሳች። ግድግዳውን አልያዘችም።

ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ምጣዱን ጣደች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። "በል ቡናውን ስጠኝ።"

ያን ጊዜ ነው ዕቃ መስቀያው ትዝ ያለኝ።