የታጠበና ያልታጠበ ቡና ማደባለቅ፦ ከጉጂ ናሙናዎች የተማርነው

ድብልቅ ቡና ጣዕሙ ሲዛባ ቶሎ የሚጠረጠረው መጠኑ ነው፤ «ያልታጠበው በዝቶበት ነው» ይባላል። እስካሁን በሞከርናቸው ላይ ያየነው ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ አቆላሉ ላይ እንደሚጀምር ነው። የታጠበና ያልታጠበ ቡና አንድ ምጣድ ላይ አብረው እኩል አይበስሉም። ስለዚህ ለየብቻ ቁሉና በኋላ ደባልቁ።

ይህን ለመረዳት ጉጂ ምቹ ነው፤ ከአንድ አካባቢ ሁለቱንም ዓይነት ማግኘት ይቻላል። የታጠበው እሸቱ እንደተለቀመ ይፈለፈላል፣ ሙጫው እንዲላቀቅ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በገንዳ ይብላላል፣ ከዚያ ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። የፍሬው ሥጋ ቀድሞ ስለተነሳ ስኒው ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው የአበባ መዓዛ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ጥራት ያለው አሲድና አፍ ላይ የማይከብድ ቅለት ነው። ያልታጠበው ደግሞ ከነሥጋው ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርቃል። በእነዚያ ቀናት እርሾና ባክቴሪያ የሥጋውን ስኳር ያብላላሉ፤ የእንጆሪና የወይን ጠጅ ጠረኑ፣ አፍ የሚሞላው ክብደቱም ከዚህ ይመጣል። ጥፋቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አልጋው ላይ ጀንፈሉ (ከነሥጋው የሚደርቀው ፍሬ) ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተከመረ ወይም በቀን ደጋግሞ ካልተገላበጠ ከሥር ያለው ይሻግታል፣ ወይም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ይህን አቆላል አያስተካክለውም፤ ጥሬውን ስታሸቱ ኮምጣጣ ጠረን ካለው አትግዙት።

200 ግራም የታጠበ ቡና ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ እሳት ይችላል። ያልታጠበው ግን ቶሎ ያራል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ ቅርፊትም ብዙ ነው፣ ረግፎ ምጣዱ ላይ ሲቃጠል ጭስ ጭስ ያሰኛል። ስለዚህ ምጣዱ ብዙ ሳይግል ጨምሩት፣ ቢጫ እስኪሆን እሳቱን ለዘብ አድርጉ፣ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ አውርዱና ወዲያው አቀዝቅዙት። ከተቆላ በኋላ ነጣ ብለው የቀሩ ፍሬዎችን ልቀሙ፤ ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው፣ ኦቾሎኒና ወረቀት የመሰለ ጣዕም ያመጣሉ። ያልታጠበው ላይ በብዛት ይገኛሉ። ይህች ለቀማ አሰልቺ ብትሆንም ዋጋዋ ትልቅ ነው።

መጠኑን ለመወሰን ፍሬውን ማባከን አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ 11 ግራም ሻካራ አድርጋችሁ ፍጩ፣ በየብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር 93 ዲግሪ የሆነ ውሃ አፍሱ፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ ላዩን በማንኪያ ሰብራችሁ አረፋውን ግፈፉ። ከዚያ የተፈላውን ቡና ራሱን በማንኪያ ለኩና በሦስተኛ ስኒ ቀላቅሉ፦ 7 ማንኪያ የታጠበ ከ3 ማንኪያ ያልታጠበ ጋር፣ ቀጥሎ 6 ከ4፣ ከዚያ 5 ከ5። ትኩስ እያለ ብቻ አትፍረዱ፤ የመብላላት ጉድለት የሚጋለጠው ለብ ሲል ነው። በእኛ ሚዛን 65 የታጠበ ለ35 ያልታጠበ ከሁሉም ይበልጣል፤ አበባው አይጠፋም፣ ፍሬያማነቱም በግልጽ ይሰማል። ለጀበና ከሆነ ግን እኩል ለእኩል ይሻላል፤ ፍላቱ መዓዛውን ስለሚያበንን ክብደት ይፈለጋል። የመረጣችሁትን መጠን ከቁላት በኋላ በሚዛን ለኩ፤ ሲቆላ የሚቀንሰው ክብደት እንደየቡናው ይለያያል።

አንድ ጊዜ የተገኘ መጠን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ደቡቡ ላይ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ የታጠበውም ቶሎ ስለሚደርቅ ቀድሞ ይዘጋጃል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ክፉኛ ይጎዳል፦ ጥሬው በደንብ ካልታሸገ ከታጠበው መጀመሪያ የሚጠፋው አበባው ነው፣ ቀጥሎ የጆንያ ጣዕም ይመጣል። ያልታጠበውን ወደ 50 በመቶ ከፍ ማድረግ ይህን ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ስኒው ሲቀዘቅዝ ግን ጆንያው ተመልሶ ይሰማል። በዚህ ጊዜ መጠኑን መነካካት ትታችሁ የታጠበውን ራሱን በሌላ ቀይሩ።