ደንገጎ ሥር የቆመችው ፒካፕ

መሞት የነበረባቸው 18 ችግኞች ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔም ቆጥሬ ጻፍኳቸው፤ ጽፌም አለፍኳቸው። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው።

ወሩ ግንቦት ነበር። ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቀዋል። ሥራችን ሙቀት የሚቋቋሙ የቲማቲም መስመሮችን መለየት ነበር። መስመር የምንለው ገና ስም ወጥቶለት ለገበሬ ያልተለቀቀ፣ በቁጥር ብቻ የሚጠራ ዘር ነው። በእጃችን 24 ነበሩ። ችግኞቹን የምናፈላው ሐረር ነው፤ ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ችግኙ ሙቀት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያድጋል። ከዚያ በመኪና ወደ ድሬዳዋ ይወርድና ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ በ45 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ይቆያል። የሳጥኑን አየር ሆን ብለን እርጥብ እናደርገዋለን። ደረቅ ከሆነ ቅጠሉ ውኃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትሩ 45 ቢልም ቅጠሉ እዚያ አይደርስም። ከሳጥኑ የወጣው ችግኝ ለአንድ ሳምንት ጥላ ሥር ይቀመጥና ጫፉ ላይ አዲስ ለጋ ቅጠል ካወጣ «ተረፈ» ተብሎ ይቆጠራል።

ፒካፗ 24ቱን ትሪ በአንዴ ስለማትይዝ ሥራውን በሁለት ምልልስ ከፈልነው፤ መጀመሪያ ከ1 እስከ 12፣ በማግስቱ ከ13 እስከ 24። የክፍላችን ኃላፊ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ የማነጻጸሪያ ትሪ እንዲጨመር አዘዙ። ማነጻጸሪያው ሙቀት ፈጽሞ የማይችል የታወቀ ዝርያ ነው፤ 20 ችግኝ፣ 20ውም ሊሞት የሚሄድ። ቦታ ጠቦን ሳለ ለሟች ትሪ መመደቡ አስቆጭቶኝ አጉረመረምኩ። እሳቸው አልመለሱልኝም።

የመጀመሪያውን ጉዞ እኔ አብሬ ሄድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሐረር ወጣን፤ አወዳይ ገና እንቅልፍ ላይ ነበረች። ፀሐይ ሳትበረታ ድሬዳዋ ገባን፤ ችግኞቹ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት አርፈው ወደ ሳጥኑ ገቡ።

በማግስቱ ሾፌሩ ብቻውን ነበር። ጠዋት ነዳጅ ፍለጋ ሲሰለፍ ረፈደበት፤ የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳውን ሊይዝ ሲል ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶት ደረሰ። ደወለልኝ።

«ችግኞቹ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«አንገታቸውን ደፍተዋል። ውኃ እያጠጣኋቸው ነው።»

ድሬ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ትሪዎቹን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አስገባን፤ ደንቡ ስለሚያዝ ሁለት ሰዓት አሳረፍናቸው፤ ከዚያ ሳጥን ገቡ። የመንገዱን ነገር መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም። መኪና መበላሸት ምን ይጻፋል ብዬ።

ከሳምንት በኋላ ያየሁት ውጤት የሚያስጨፍር ነበር። ከ1 እስከ 12 ያሉት ከጥቂቶች በቀር እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል። ከ13 እስከ 24 ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆመዋል። የዘር ሐረጋቸውን ስመለከት ከ13 በኋላ ያሉት አብዛኞቹ አንድ የጋራ ወላጅ አላቸው። በቃ፣ ታሪኩ ራሱን በራሱ ጻፈ፦ ከዚያ ወላጅ የወረደ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ቢገኝም ኃይሉ የሚገለጥ አንድ ዘረመል አለ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ሪፖርት አዘጋጀሁ። ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ «ማነጻጸሪያ፣ ሁለተኛ ዙር፦ ከ20 18 ተርፏል፤ የትሪው መለያ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ይህ ሐቀኝነት መስሎኝ ነበር።

ኃላፊያችን ሪፖርት የሚያነቡት ከግርጌ ጀምረው ነው። ጣታቸውን እዚያች መስመር ላይ አሳረፉ።

«ከየትኛው ጋር ነው የተቀያየረው?»

«ከአንዱ መስመር ጋር ይመስለኛል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ከመስመሮቹ አንዱ ሞቶ መገኘት አለበት። የታለ የሞተው?»

አልነበረም። እኔ አራት ገጽ ስጽፍ ያላሰብኩትን እሳቸው መነጽራቸውን እንኳን ሳያስተካክሉ አሰቡት። መለያው አልተቀያየረም፤ ማነጻጸሪያው በእርግጥ ተርፏል። እሱ ከተረፈ ደግሞ የሌሎቹ መትረፍ ስለ ዘራቸው የሚነግረን ነገር የለም ማለት ነው።

ወደ ሾፌሩ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ያደግኩት ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት በጥፊ በሚያስመታበት አገር ነው። እሱ ግን የድሬ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስለው ዞር ብሎ ኋላውን አየና «ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነው የምለው፤ አሁንም አፌን እየያዘኝ።

«ያን ዕለት ደንገጎ ሥር ስንት ሰዓት ቆምክ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሸራውን አልገለጥኩትም፤ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል ብዬ።»

ሸራውን አልገለጠውም። ሮጬ መጋዘን ገባሁ። ትሪ በምንጭንበት ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቴርሞሜትር እናስራለን፤ የዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት የደረሰበትን በትንሽ የብረት ዘንግ ምልክት የሚያስቀር፣ በማግኔት ወደ ታች ካልተሳበች በቀር የማትነቃነቅ። አቧራ ለብሶ ተገኘ። መጋዘኑ ጥላ ያለበት ስለሆነ እዚያ ያን ያህል አይሞቅም። ዘንጓ 39 ላይ ተሰክታ ነበር።

ወደ 38 ዲግሪ ግድም ለ90 ደቂቃ፣ ከዚያ የሁለት ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ 45 ዲግሪ። በአራቢዶፕሲስ፣ ማለትም የዘረመል ተመራማሪዎች በብዛት በሚጠቀሙባት ትንሽ አረም ላይ፣ «የተለማመደ» የሙቀት መቋቋምን ለመለካት የሚሠራበት አሠራር ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ሾፌራችን ሲሚንቶ ከጫነው መኪና ኋላ ቆሞ አንድ በአንድ ፈጽሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀት የሕዋስን ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ያረጋዋል። ተክሉ በመጠኑ ሞቆ ጊዜ ካገኘ ግን ሂት ሾክ የሚባሉትን ፕሮቲኖች ያመርታል፤ እነሱ ሌላውን ፕሮቲን እንዳይረጋ ይደግፋሉ፣ የረጋውንም ይፈታሉ። ከመካከላቸው ኤችኤስፒ 101 የሚባለው የተጣበቀውን ጉብታ የሚተረትር ነው፤ እርሱ የጎደለው አራቢዶፕሲስ ቀድሞ ቢሞቅም እንደማይተርፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ታይቷል። ይህን ሁሉ ምርት የሚያስጀምሩ ዘረመሎች ደግሞ አሉ። በቲማቲም ዋናው ኤችኤስኤፍ ኤ1 የሚባለው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል፤ እርሱ ከታፈነ ተክሉ ሙቀት አይችልም። የሚገርመው፣ የዚህ ሁሉ ዕውቀት መነሻም የማሞቂያ ሳጥን ስህተት ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍሬ ዝንብ ዕጮች ያሉበትን ሳጥን አንድ ሰው ሳያስበው ሙቀቱን ከፍ አድርጎበት፣ ክሮሞሶሙ ላይ ያልተለመዱ እብጠቶችን አየ፤ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ልዩነታችን እሱ እብጠቱን አይቶ መጠየቁ፣ እኔ «መለያው ተቀያይሮ ይሆናል» ማለቴ ነው።

ሙከራውን እንደ አዲስ ሠራነው። በዚህኛው ዙር እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ቀድሞ በ38 ዲግሪ ሞቀ፣ ግማሹ በቀጥታ ወደ 45 ገባ። የመስመሮቹንም ተራ በዕጣ ቀላቀልነው። የእኔ ውብ ዘረመል በዚያው ጠፋ። ከ13 እስከ 24 ያሉት ሳይሞቁ ሲገቡ ከሌሎቹ የተሻሉ አልነበሩም፤ ሁለቱ ብቻ ጥቂት ተረፉ። ቁጥር 6 ደግሞ፣ በመጀመሪያው ዙር አልቆ «ይጣል» ብዬ በቀይ የሰረዝኩት፣ ቀድሞ ሲሞቅ ከሁሉም በላይ ሆኖ ወጣ።

ኃላፊያችን ቁጥር 6 ላይ ቆዩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና «እዚህ ከተማ ፀሐይ በቀጥታ 45 ላይ ትወጣለች?» አሉ። አትወጣም። ጠዋት ይለሰልሳል፣ 4 ሰዓት ላይ ይከብዳል፣ ቀትር ላይ ይጋግራል። ተክሉ በየቀኑ የሚያገኘው የደንገጎውን ዓይነት ሙቀት እንጂ የሳጥናችንን ድንገተኛ ምት አይደለም። ከዓመት ዓመት የምንጥላቸው መስመሮች መካከል ስንት ቁጥር 6 እንደነበረ ማሰብ አልፈልግም።

ቁጥር 6ን ማሳ ላይ ስናወጣው ሌላ ጣጣ መጣ። ግንዱና ቅጠሉ ያማረ ሆነ፣ አበባው ግን እንደሌሎቹ ረገፈ። አሴቶካርሚን የሚባል ቀለም ጠብ አድርገን የአበባውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ አየነው፤ ጤነኛው ቀይ ሆኖ ሲሞላ፣ ብዙው ባዶና ቀለም አልባ፣ እንደ ተሰበረ ሽምብራ የተጨማደደ ነበር። በቲማቲም ብናኙ የሚጎዳው አበባው ከመከፈቱ ከሳምንት በላይ ቀድሞ ነው፤ የቀኑ ሙቀት 32፣ የሌሊቱ 26 ሲሆንም ይጀምራል። የችግኝ ጽናት አንድ ነገር፣ የብናኝ ጽናት ሌላ። ስለዚህ አሁን ቁጥር 6ን ብናኙ ከሚጸናለት ከሌላ መስመር ጋር እያዳቀልነው ነው፤ ገና ሁለተኛው ትውልድ ላይ ነን።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከሐረር ችግኝ ይዘን ወረድን። ቴርሞሜትሩ አሁን ጋቢና ተቀምጦ ገመዱ ብቻ ወደ ትሪዎቹ ይገባል፤ ማነጻጸሪያው ትሪ እግሬ ሥር ነው። ደንገጎን ጨርሰን መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬን ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እዚህ ጋ ትንሽ እናሙቃቸው እንዴ?»

«ንዳ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ቁጥሯን አየ። «26» አለ፤ «ዛሬ ምንም አልቀመሱም።»